የሚያረጁ አማልክት

ሠዓሊው ቤተ መጻሕፍቱን የረገጠው ለጠብ ነበር። በሥዕል የተረከውን የልጆች መጽሐፉን የሃይማኖት መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አገኘው። እዚያ ያኖረችው ደግሞ እሷ፣ መጻሕፍቱን የምትመድበዋ ልጅ ነች።

«ልጆች እኮ እዚህ ድርሽ አይሉም» አላት።

«ሽፋኑ ላይ የጥንት የሰሜን ሰዎች አማልክት ይላል። አማልክት ከሆኑ ቦታቸው እዚህ ነው። ካልሆኑ ደግሞ ለምን ዋሸህ?»

ሠዓሊው ሽፋኑን መልሶ አየው። ከዚያ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። መጽሐፍ መዋስ ሰበብ ሆኖት ተመላለሰ። ዓመት ሳይሞላ እሷም ያለ እሱ መዋል አቃታት። ወደደችው፤ ምን ይደበቃል።

አስቸጋሪው አባቷ ናቸው። ጡረታ የወጡ የሃይማኖት አስተማሪ፣ አንዴ ከተናገሩ የማይመለሱ ሰው። «ጣዖት የሚስል ልጄን አያገባም» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል። ስንት ተለምነው ነው «እስቲ ይምጣና ልየው» ያሉት።

«ተረት ነው በላቸው፣ በቃ» ብላ በር ላይ መከረችው። «እንዳትከራከር፣ በሞቴ።»

አባት መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጠበቁት።

«ንገረኝ እስቲ ልጄ፣ እነዚህ አማልክት ናቸው?»

ሠዓሊው ወደ እሷ አየ። እሷ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ለእኔ አይደሉም አባባ። እኔ የምጸልየው ለአንድ አምላክ ነው። ግን ሰዎች አምነውባቸው ኖረዋል፤ ታመው ለምነዋቸዋል፣ በስማቸው ምለዋል። ተረት ብቻ ናቸው ካልኩ በእነዚያ ሰዎች የቀለድኩ ይመስለኛል። ስለዚህ ስስላቸው እንደ አማልክት ነው።»

አለቀልን አለች በልቧ። እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው! ትዳራቸውን በገዛ አፉ ሲያፈርሰው ቆማ ሰማች። ተናደደችበት፤ ደግሞ የዚያን ቀን ያህል ወዳው አታውቅም።

አባት ገጽ ገለጡ።

«ይሄኛው፣ ነጎድጓድ የሚያወርደው፣ ወጣት የሚያደርገውን ፖም ካልበላ ያረጃል ይላል። የሚያረጅ አምላክ የት ታይቶ ያውቃል?»

«እኔም የወደድኩት ለዚህ ነው፤ አምላክ ተብሎ ጉልበቱን ያመዋል።»

«እኔንም ያመኛል፤ አምላክ ያለኝ ግን የለም» አሉና ሳቁ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺ፣ ተረት ነው በል ብለሽ መክረሽው ነበር አይደል?»

ፊቷ ጋለ። «አዎ አባዬ።»

«እንኳን አልሰማሽ። እንደዚያ ቢለኝ ኖሮ ሸኝቼው ነበር።»

እንባዋ ቀደማት።

«እሑድ እናትና አባትህን ይዘህ ና» አሉት ሲነሳ። መጽሐፉን ሊቀበላቸው እጁን ቢዘረጋ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት።

«እሱን ተውልኝ፤ ገና አልጨረስኩትም።»