ሰባት ቁጥር ጠርሙስ

ሙዐዊያ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሸዋ ሮቢት በተከራየው ቢሮ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ሰው ሁሉ «ሙቀቱ ነው» አለ። ሐኪሙ ግን የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ መጥበቡን አየ። የሚጠጣበትን የውሃ መያዣም ሲያሸተው የሽንኩርት ፀረ-ተባይ መርዝ ሸተተው።

ኢንስፔክተር ሸዋዬ የጣርማ በርን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዳ የደረሰችው ከቀትር በኋላ ነው። ሟቹ የቆላውን የጉድጓድ ውሃ የሚመረምር ባለሙያ ነበር።

«የምርመራው ውጤት የት አለ?»

በቤተ ሙከራ አብራው የምትሠራው ሐጂራ ኮምፒውተሩን ከፈተች። «ይኸው ፋይሉ። ግን ተቆልፏል። በዚህ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ እየጻፈ ነበር የሚቆልፈውም የሚከፍተውም። የይለፍ ቃሉን ለማያውቅ ዝብርቅርቅ ፊደል ነው።»

«ማን አስተማረው?»

«እኔ» አለች አቀርቅራ።

«እንግዲያው መክፈት ትችያለሽ።»

«ወላሂ አልችልም! ዘዴውን እንጂ ቃሉን አላውቅም። ጠርሙሶቹን ራሱ በቁጥር ብቻ ነበር የሚሰጠኝ። መርዙ የበዛው ሰባት ቁጥር ላይ ነው። ከየት እንደተቀዳ የተጻፈው ግን እዚያ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው።»

ሸዋዬ ወደ ላይ የምትጠቁመውን ባለቀስት ቁልፍ ደጋግማ ተጫነች። የወጣውን አንብባ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

የውሃ ምርመራው ፕሮጀክት ኃላፊ አቶ ከበደ ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ። «ሪፖርቱን አስረክበኝ እያልኩ ጨቅጭቄዋለሁ፤ አልደብቅም። እሱ ግን ትንሽ ቀን ስጡኝ ይላል። ሕዝብ እየታመመ ምን ይጠበቃል?»

በመጨረሻ የመጣው ኸድር ነበር። የቤቱ አከራይ ነው፤ ፀረ-ተባይ ይሸጣል፤ ከሙዐዊያም ጋር አብሮ አድጓል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ወንድሜ ነበር። የሾላው ጉድጓድ ተበከለ ብሎ ስለጻፈ ሰው ይገደላል? ሱብሃነላህ!»

«ፋይሉን አይተውት ነበር?»

«የተቆለፈ ነገር እንዴት አያለሁ?»

ዐሥር ሰዓት ላይ ሸዋዬ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«መቆለፊያውን የሰበረው የለም» አለች። «ሙዐዊያ የይለፍ ቃሉን ከትእዛዙ ጋር አብሮ ይጽፈው ነበር። ኮምፒውተሩ ደግሞ የተጻፈለትን ሁሉ ከነሰዓቱ ያስቀምጣል። ይህችን ቀስት የተጫነ ሰው የመክፈቻውን ትእዛዝ ከነቃሉ ያገኘዋል።»

ሐጂራ አፏን በእጇ ያዘች። «ይህን ሳላስጠነቅቀው!»

«ፋይሉ ትናንት ዓርብ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ተከፍቷል። ሙዐዊያ ያኔ ጁምዓ እየሰገደ ነበር። አንቺና አቶ ከበደ ደብረ ሲና ስብሰባ ላይ ነበራችሁ፤ ደውዬ አረጋግጫለሁ። የዚህ ቢሮ ትርፍ ቁልፍ ያለው አከራዩ ዘንድ ነው።»

«ትርፍ ቁልፍ መያዝ ወንጀል ሆነ?» አለ ኸድር።

«አልሆነም። ግን የሾላውን ጉድጓድ መበከል ማን ነገርዎት? ሐጂራ የምታውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው። አቶ ከበደ ሪፖርቱን አላዩም።»

«እሱ ራሱ ነው የነገረኝ! ዓርብ ጠዋት።»

ሸዋዬ ቀስቷን ተጫነች፤ ትእዛዙን ደገመችው። ፋይሉ ተከፈተ። የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ጮክ ብላ አነበበች፦

«ሐሙስ። ሰባት ቁጥር የሾላው ጉድጓድ ነው፤ መርዙ የሚሰርገው ከኸድር መጋዘን በርሜሎች ነው። ዓርብ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት። ለኸድር እስካሁን አልነገርኩትም። አብሮ አደጌን በሰው ፊት አላዋርደውም፤ ነገ ለብቻው ነግሬው በርሜሎቹን ራሱ ያንሳ። ሪፖርቱን ከዚያ በኋላ አስረክባለሁ።»

ኸድር ወደ ኮምፒውተሩ ተጠግቶ የዓርቡን መስመር በዓይኑ ፈለገው።

«ይሄ... ይሄ እኮ አልነበረም» አለ። «ሳነበው ይሄ አልነበረም።»

በር ላይ የቆሙ ፖሊሶች ገብተው ግራና ቀኝ ያዙት። አቶ ከበደ ባርኔጣቸውን አንስተው የሾላውን ጉድጓድ ሊያዘጉ ወጡ።