የቱን እግር ላሳያት?

የተናቀ ሰው ንቀት ቶሎ ይሸተዋል፤ በሌለበትም ይሸተዋል። በኡኬ አቅራቢያ ወፍጮ ያለው ኦቦ ዋጋሪ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ አንድ ክሊኒክ ሲገባ ካርድ የምታወጣው ልጅ «አንተ፣ መጀመሪያ ዱቄትህን አራግፍ!» ብላ ሰው አሳቀችበት። ሌላው ቢሆን ከበሩ ሳይወጣ ይረሳዋል። ዋጋሪ ግን ያንን ቀን አሥር ዓመት ሙሉ አላራገፈውም።

ሚስቱ አዴ በቀለች የስኳር ሕመምተኛ ናት። ክረምቱ እንደወጣ ግራ እግሯን እሾህ ወጋት። ስኳር ያለበት እግር ሕመሙን ቶሎ አይናገርምና ችላ አለችው፤ ቁስሉ ግን ችላ አላላትም፤ ሰፋ። በቅርባቸው ወዳለችው ትንሽ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሐኪሙ ተዛውሮ ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በእግሩ የተተካ የለም። የዚያን ቀን ሲስተር ኢቢሴ ብቻዋን ታዋልዳለች፣ ትከትባለች፣ ቁስል ታጥባለች።

«አከም ጅርቱ፣ አዴ በቀለች? አይዞዎት፣ ነቀምቴ ድረስ አይንገላቱም። እዚያ ያለችው ስፔሻሊስት፣ ዶክተር ናዝራዊት፣ በዚህ ታይዎታለች» ብላ ታብሌት ጠረጴዛው ላይ አቆመች።

ዋጋሪ ግንባሩን ቋጠረ። «ለከተማ ሰው ሐኪም፣ ለእኛ ቴሌቪዥን! ሳይነካ በሽታ የሚያውቅ ጠንቋይ ብቻ ነው።»

«ጠንቋይ አይደለችም፣ አባኮ። የምታየው ያሳየናትን ነው።»

ወዲያው ከማዋለጃው ክፍል ጩኸት ተሰማ። ኢቢሴ ዶክተሯን አገናኝታ፣ «ቁስሉን አሳዩልኝ፣ መጣሁ!» ብላ ሮጠች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። በአያቶቹ ዘመን አዋቂ ቤት የሚሄድ ሰው ሕመሙን አይናገርም፤ ደብቆ ይፈትናል። አዋቂው እውነተኛ ከሆነ ራሱ ያወጣዋል። ዋጋሪ ጌታን ተቀብሎ ከአዋቂ ደጅ ከራቀ ስንት ዘመኑ! ፈተናው ግን ከልቡ አልወጣም።

«ደህናውን አሳዪያት» አላት በሹክሹክታ።

«ምነው? ያመመኝ ግራው!»

«አውቃለሁ። እሷ ታውቅ እንደሆነ እንይ።»

በቀለች ባሏን ላለማሳፈር ቀኝ እግሯን አነሳች። ዶክተሯ ከስክሪኑ ውስጥ ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ይሄ ደህና ነው፣ እናቴ። የታመመው የቱ ነው?» አለች።

«እሱን አንቺ ንገሪን እንጂ!» አለ ዋጋሪ።

«አባቴ፣ ያላሳዩኝን ከየት አመጣዋለሁ? እባክዎ፣ ሌላውን እግር...»

«አየሽ! ምንም አታውቅም!» ታብሌቱን በፊቱ ደፍቶ ሚስቱን ደግፎ ወጣ። መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ «ፈተንኳት፣ ወደቀች!» እያለ ሳቀ። ከአሥር ዓመት ወዲህ እንዲያ ስቆ አያውቅም።

ኢቢሴ ደጋግማ ደወለች፤ አላነሳም። «አሁንማ ይለምኑ» አለ። በሳምንቱ በቀለችን ትኩሳት ጣላት። ካልሲዋ ሲወልቅ ቤቱ ሸተተ፤ ሁለት ጣቶቿ ጠቁረዋል። ዋጋሪ የወፍጮ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ተሸክሟት ሮጠ።

ኢቢሴ አልተቆጣችም። ታብሌቱን አብርታ ግራውን እግር አሳየች። ዶክተሯ ጠጋ ብላ አየችው። ከዚያ፣ «አሁኑኑ በአምቡላንስ ትምጣ። እኔ ሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቃታለሁ» አለች።

እንዳለችውም ጠበቀች። ዋጋሪ ነጭ በነጭ ሆኖ ከመኪናው ሲወርድ አፍሮ ወደኋላ አለ። ዶክተር ናዝራዊት ግን ክንዱን ይዛ አስገባችው። ዱቄቱ ሰማያዊ ልብሷ ላይ ቀረ፤ አላራገፈችውም።

የበቀለች እግር ተረፈ። ሁለቱ ጣቶች ግን ተቆረጡ።

«ያን ቀን አይቼው ቢሆን ኖሮ በመድኃኒት ብቻ ሳይድን አይቀርም ነበር» አለችው።

ዋጋሪ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ፈተናውን የወደቅኩት እኔ ነኝ» አለ።

በሦስተኛው ወር ለክትትል ነቀምቴ መሄድ አላስፈለጋቸውም፤ በዚያችው ታብሌት ቀረቡ። ወረፋ ከሚጠብቁት አንዱ፣ ሽማግሌው ጋሩማ፣ በጥርጣሬ አንገቱን አስግጎ «ይቺ መስታወት እውነት ታውቃለች?» ሲል ጠየቀ። በቀለች ቀደም አለችና ባሏን በክርኗ ጎሰም አደረገችው፦

«ኦቦ ዋጋሪ፣ የቱን እግር ላሳያት?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዋጋሪ ይህን ጊዜ አልተቀየመም። ተንበርክኮ የግራ ካልሲዋን በገዛ እጁ አወለቀና ጠባሳውን ለካሜራው አስጠጋ።

«ምንም አታውቅም፣ ጋሩማ» አለ። «ካልነገርካት ምንም አታውቅም። ንገራት።»

ወገኖቼ፣ «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ይባላል፤ እኔም አልክድም። ለገጠር ሰው የተጣለለት ስንጥር ብዙ ነው። ነገር ግን ስንጥሩን መፈለግ ሌላ፣ ገንፎውን መድፋት ሌላ። ሐኪሙ በእግሩ እስኪመጣልን ድረስ፣ በዓይኑ ሲመጣልን ቁስላችንን ደብቀን አንመልሰው። ቂም ይዘን ስንደብቅ የሚቆረጠው የናቀን ሰው ጣት አይደለም፤ የሚወደን ሰው ነው።