ሁለት ዙር በእጅ

ልጆቼ፣ መኪና ስር ተኝታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ካልተኛችሁ ልንገራችሁ፤ ዘይቱ አፍንጫችሁ ላይ ይንጠባጠባል፣ ቆሞ ከሚያዛችሁ ሰው ደግሞ እግሩ ብቻ ነው የሚታያችሁ። የማወራላችሁ ልጅ የዚያን ቅዳሜ የሚታያት የአባቷ ጫማ ነበር፣ ተረከዙ ባንድ በኩል የተበላ ጫማ።

«ሚጡ፣ መፍቻ ቁልፉን ጨበጥሽ?»

«ጨብጬዋለሁ አባዬ። ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ሰዓቱን ተይው። ሁለት ዙር ሙሉ፣ ቀስ እያልሽ። እጅሽ ይስማ።»

ከጠዋት ጀምሮ አብረው ናቸው። የፊቱን ጎማ ፈቱ፣ ሽፋኑን አነሱ፣ የሞተሩን ላይና ታች አስማምቶ የሚያዞረውን፣ የተሰነጣጠቀውን የታይሚንግ ቺንጋ አወጡ። ውሃ ፓምፑንም፣ ቺንጋውን የሚወጥረውንም ኩሽኔታ በአዲስ ቀየሩ። አባቷ የድሮ መካኒክ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የሰራበት ጋራዥ «ዓይንህ ደክሟል» ብሎ ሸኘው። ከዚያ ወዲህ የጎረቤት መኪና ግቢው ውስጥ ይጠግናል፣ በራሱ መኪና ደግሞ፣ በዚህችው አሁን በፈቷት፣ ሰው ያመላልሳል።

ይሄ ቺንጋ ቀልድ አያውቅም። ጥርስ አለው፤ ጥርሱ ከቦታው ጥቂት ከተዛነፈ ፒስተኑ ወጥቶ ቫልቭ ይመታል። አባቷ ምልክቶቹን መነጽሩን ደርቦ፣ ዓይኑን አጥብቦ ራሱ ነበር ያገጣጠማቸው። ጠዋት እንዲህ ብሏት ነበር፦ «ሞተር ከመነሳቱ በፊት በእጅ ይዞራል። ስህተት ካለ እጅ ይቆማል። ሞተር ግን አያዝንም፣ ሰብሮ ያልፋል።»

ልጅቷ አስር ሰዓት ላይ የመረብ ኳስ ጨዋታ አለባት። የመጨረሻው ጨዋታ ነው፤ ለመቺዎቹ የምታቀብለው ደግሞ እሷ ናት። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ሦስት ጊዜ ተንቀጥቅጧል። ጓደኛዋ ናት፣ «የት ገባሽ አንቺ ጉድ!» የምትል።

የመጀመሪያውን ዙር አዞረች። ካንዴላዎቹ ወጥተው ስለነበር እንደ ቅቤ ሄደላት። ሁለተኛው ዙር እኩሌታ ላይ ቀጥ አለ። ገፋ አደረገችው። ብረት ብረትን እንደነካ በክንዷ ተሰማት።

ምን ማለት እንደሆነ አልጠፋትም። ከተናገረች ቺንጋው እንደገና ይወጣል፣ ሌላ ሁለት ሰዓት ይሄዳል፣ ጨዋታው ያልቃል። ቁልፉን ቀስ ብላ ወደኋላ መለሰችው።

«ሚጡ? ምን አለ?»

«ምንም። ዞረ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«ያዝ ያደረገሽ ቦታ የለም?»

«ኧረ አባዬ፣ እንደ ቅቤ ነው አልኩህ!»

«ተባረኪ። በይ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ፣ ኳስሽ እንዳያመልጥሽ። እግዜር ይከተልሽ።»

ምርቃት ሲከብድ አይታችሁ አታውቁ ይሆናል። እሷ እስከ በር ድረስ ተሸክማው ወጣች። ከዚያ ሮጠች።

አሸነፉ። ጓደኞቿ ተሸከሟት፣ ጮኹ፣ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ዘፈነች። ቤት ስትደርስ እናቷ በሩ ላይ ቆማለች። «ድምፅሽን ቀንሺ» አለቻት።

አባቷ ዱካ ላይ ተቀምጦ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየጠረገ በጨርቅ ይጠቀልላል። ታላቅ ወንድሟ እጁን ኪሱ ከትቶ አናቱ ላይ ቆሟል።

«ስንቴ ነገርኩህ? ጋራዥ ውሰዳት አላልኩህም? ሞተሩ ገና ሲነሳ ጣ ጣ ጣ ብሎ ቀረ። ቫልቮቹ ተጣመዋል። በዚህ ዓይንህ ደግሞ ነገ የሰው መኪና ትሰብርና ጉድ እንሆናለን!»

«እውነትህን ነው» አለ አባቷ ቀና ሳይል። «ዓይኔ ነው። በቃኝ። ቁልፎቹን ሰኞ የሚፈልግ መጥቶ ይውሰዳቸው።»

«እግዜር ያመጣውን…» ብላ ጀመረች እናቷ።

«እግዜር ምን አደረገ? እኔ ነኝ እንጂ።»

ጥፋተኛው ተገኝቷል፣ ጥፋቱንም አምኗል። ዝም ብትል ከላይ ካለው በቀር የሚያውቅባት አልነበረም። ልጅቷ የቁልፎቹን ጥቅል አየች። ከመፍቻዎቹ ግማሾቹ ገብተዋል።

«አባዬ… ሁለተኛው ዙር ላይ ቆሞ ነበር።»

ጨርቁን የያዘው እጅ ቀጥ አለ። «ምን አልሽ?»

«ያዝ አድርጎኝ ነበር። አውቄ ነው ያልነገርኩህ። ጨዋታው እንዳያልፈኝ ብዬ…»

«አንቺ ደንቆሮ!» ብሎ ወንድሟ ተንደረደረ። አባቷ እጁን አንስቶ አስቆመው። ወደ እሷ ዞረ።

«እኔ እኮ ዓይኔ እንደሚስት አውቄ ነው አንቺን የጠራሁሽ» አለ ቀስ ብሎ። «ዓይኔ ብቻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ዓይንማ ያረጃል።»

የያዘውን ቁልፍ ጥቅሉ ላይ አስቀመጠ።

«አሸነፋችሁ?»

«አዎ።»

«ደግ።»

ሚጡ አላላትም። ጥቅሉን እንደተከፈተ ትቶት ተነሳና ወደ ቤት ገባ። እናቷ ተከትላው ገባች።

ልጅቷ መለያዋን እንኳ አልቀየረችም። ጠዋት የተኛችበትን ካርቶን ጎትታ ከጎማው ቦታ አጠገብ አነጠፈች፣ ከጥቅሉ ውስጥ አስራ ሁለት ቁጥር ቁልፍ አወጣች፣ ተኛች።

«ብቻሽን ምን ልታመጪ ነው?» አለ ወንድሟ።

ሽፋኑ መፈታት እንዳለበት ታውቃለች፣ ከዚያ ቺንጋው፤ የተጣመሙት ቫልቮች ያሉበትን የሞተሩን ራስ እንዴት እንደሚያነሱት ግን አታውቅም። የመጀመሪያውን ብሎን ፈታች፣ ባዶ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ጣለችው፣ ሁለተኛውን ያዘች። አባቷ ወጥቶ ካሳያት የቀረውን ከእሱ ትማራለች። ካልወጣም የምታውቀውን ያህል ትፈታለች። እስኪመሽ ድረስ አልወጣም።

ልጆቼ፣ ማታ ስትጸልዩ እነዚህን ሁለቱን፣ አባትና ልጁን፣ አስቡልኝ።