የኔዳ የውሃ ተራ

በዚያ በጋ ሰማዩ ዘጋ። በስትሩሚትሳ ሜዳ ቦዩ ቀጠነ፤ ጉድጓዶች ነጠፉ። ውሾች ከጋሪ ሥር አልወጡም። ቃሪያው አበባውን አራገፈ፤ አዲስ መያዙን ትቶ የያዘውን ፍሬ ሊያተርፍ።

ማለዳ ላይ ለየማሳው በተራ የሚለቀቀው የቦዩ ውሃ ወደ እነ ኔዳ ማሳ ሊዞር ሲል፣ አባቷ ሪስቶ ዶማውን አቀበላት።

«ቶሎ ክፈቺው። ትናንት በቀትር ቅጠሉ ሁሉ ተልፈስፍሶ ነበር።»

«አሁንስ? እስቲ እየው፣ አባዬ።»

ቅጠሉ ቀና ብሎ ቆሟል። ኔዳ በጋውን ሙሉ ማሳው ውስጥ ስለዋለች ጠባዩን ታውቃለች። ፀሐይ ስትበረታ ቅጠሉን ቁልቁል ይጥላል፤ ፊቱን ከግለቱ ያዞራል። ሲመሽ መልሶ ይነሳል። እርጥበት እንዲይዝ ያነጠፈችውን ገለባ ገልጣ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደች። እርጥብ ነው።

«ከፀሐይ እየተሸሸገ ነው እንጂ አልጠማውም።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ ቃሪያ የሚያናግርሽ?»

«አንተ ስለማታዳምጠው ነዋ!»

ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤታቸው የእማማ ስቶያንካ ቃሪያ አለ። የእሱ ቅጠል ግን ሌሊቱ ቀዝቅዞለትም አልተነሳም። ያ ጥም ነው። ተራቸው ገና ነው፤ እስከዚያ አይቆይም። አሮጊቷ አጎንብሰው ያርማሉ፤ ወደ ቦዩ ቀና ብለው እንኳ አላዩም።

ኔዳ ሕፃን ሳለች እናቷ ሆስፒታል ተኝታ፣ ሪስቶ የውሃ ተራው አለፈበት። ያኔ እማማ ስቶያንካ የራሳቸውን ሰጡት። የእሱ ማሳ ተረፈ፤ የእሳቸው ቲማቲም ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ልመልስ ባለ ቁጥር «ሂድ ወዲያ፣ እኔ ምን ጎደለኝ!» ይሉታል።

«አባዬ፣ የዛሬውን ለእሳቸው እንልቀቀው።»

ሪስቶ ዞሮ ማሳውን አየ። የዓመት ጉርሳቸው ይኸው ማሳ ነው፤ ተራው የሚመለሰው ደግሞ በሳምንቱ ነው።

«ከተሳሳትሽስ?»

ኔዳ እንደገና አፈሩን ነካች። «አልተሳሳትኩም።»

ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ከቦዩ አፍ ላይ ዞር አለላት።

ኔዳ የራሳቸውን መግቢያ በአፈር ደፈነች፤ የጎረቤቷን ከፈተች።

«አንቺ ልጅ! ወደ እኔ እኮ ነው የሚመጣው! ሪስቶ፣ አታያትም?»

«እኔን አይጠይቁኝ» አለ ሪስቶ፤ ድምፁ ከወትሮው ከፍ ብሏል። «ዘንድሮ ማሳው የእሷ ነው። ያዘዘችውም እሷ ናት።»

«የእርስዎ ውሃ ነው፣ እማማ» አለች ኔዳ። «እኛ ነን ያዘገየነው።»

አሮጊቷ አባትና ልጅን ተራ በተራ አዩ። «ሂዱ ወዲያ» አላሉም። ዶማቸውን አንስተው ለውሃው የመጀመሪያውን መስመር ከፈቱለት።