የውስጠኛዋ ሰዓት

«አትንኪው! እየሠራ ነው» አለ ጥይቱ፣ ስክሪኑን በትከሻው እየከለለ።

መርማሪ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ራሱ ጥይቱ ነው፤ «የራሷን ጥላ የምትጠረጥር» እያለ። ዛሬ የምትጠረጥረው ግን እሱን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጠጋ ባለች ቁጥር መስኮቱን ይዘጋል፣ ወሬ ይቀይራል፣ ያለ ነገሩ ይስቃል።

ለኮምፒውተር ክበብ ውድድር የያዙት ሥራ ሲያወሩት ቀልድ ይመስላል። በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር አለ፤ በዚያኛው ሆድ ውስጥ ደግሞ ሌላ። የውስጠኛዋ ኤሊ ናት፤ አንድ ትልቅ ፋይል ለማንበብ አርባ ሰከንድ ይፈጅባት ነበር። ምክንያቱን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። በሶፍትዌር የተሠሩት ሁለቱም ማሽኖች «ኋላ ይፈለጋል» እያሉ ያንኑ መረጃ «ካሽ» በሚባለው፣ ቶሎ የሚፈለገውን ለቅርብ በሚያስቀምጡበት ሚሞሪያቸው ውስጥ፣ ሲከምሩ ቦታው ይጣበባል። ስለዚህ ከሁለቱ የውጪኛዋ መከመሯን እንድትተው አደረጓት።

ትናንት ከሰዓት መርማሪ ጥርሷን ልትታከም ሄደች። ዛሬ ስትመጣ ለውድድሩ ባዘጋጁት ፖስተር ላይ በቀይ ማርከር «12 ሰከንድ» ተጽፏል።

«አርባውን የለካነው በእኔ ስልክ ነው» አለች። «አሥራ ሁለቱንስ?»

«በማሽኗ ሰዓት ነዋ።»

«በየትኛዋ?»

ጥይቱ አፍንጫውን አከከ። «በውስጠኛዋ።»

«አጥፍተህ እንደገና አስነሳት። ካሿ ባዶ ይሁን።»

«አሁን? አሥር ደቂቃ ነው የቀረን! ጤነኛ ነሽ?»

«አስነሳት አልኩህ።»

አስነሳት። መርማሪ ስልኳን ይዛ ቆጠረች። ፋይሉ ተነብቦ ሲያልቅ የውስጠኛዋ ማሽን «12» አለች። ስልኩ ሠላሳ ሦስት ይላል። ምስኪኗ ማሽን የውጪኛዋ ተራ እስክትሰጣት ስትጠብቅ ሰዓቷም አብሮ ይቆማል፤ የቆመችበትን አትቆጥርም።

መርማሪ ትክክል በመሆኗ እንኳ ደስ አላላትም።

«ታውቅ ነበር?»

«መጀመሪያ አላወቅኩም፣ ሙች! በደስታ ልደውልልሽ ስል የግድግዳውን ሰዓት አየሁት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ቁጥሩን እኔ አልፈጠርኩትም። እሷ ናት ያለችው።»

«ፖስተሩ ላይ የጻፍከው አንተ ነህ።»

«በሠላሳ ሦስት ማን ያሳልፈናል? ደግሞ ማን ይለካዋል? እባክሽ፣ ዛሬ ብቻ መርማሪነቱን ተዪው።»

እውነቱን ነው፣ ማንም አይለካም። ቢያልፉ ትምህርት ቤቱን ወክለው ለትልቁ ውድድር ይሄዳሉ። እዚያ ግን አንዱ ዳኛ ሰዓት አውጥቶ ቢይዝስ? ባይይዝስ? ከዛሬ ወዲያ ጥይቱ «ደርሻለሁ» ባላት ቁጥር የትኛውን ሰዓት አይቶ እንደሆነ ልትጠይቀው ነው? ይኼኛው ሐሳብ ከዳኛውም በላይ አስፈራት። ብትናገር ደግሞ ዳግመኛ ላያናግራት ይችላል።

በሩ ተከፈተና የክበቡ አስተማሪ አንገታቸውን አስገቡ።

«እናንተ ናችሁ ባለተራዎቹ። ማነው የሚያቀርበው?»

ማቅረቡ የጥይቱ ድርሻ ነበር። መርማሪ ቀድማው ተነሳች።

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር።»

ጥይቱ እጅጌዋን ያዘ። አላየችውም፤ እጇንም አልነጠቀችም። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ለቀቃት።

አዳራሹ ውስጥ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ከአርባ ሰከንድ» ብላ ጀመረች፣ «ወደ ሠላሳ ሦስት ነው ያወረድነው።»