ቀዩ ድንጋይ

«ወንድሜን ገደልኩት። እሰሩኝ።»

ኢብሮ ቂርቆስ ፖሊስ ጣቢያ መጥቶ ይህን ሲል ወንድሙ ሁዘይፋ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ኢንስፔክተር ጀማነሽ ብዙ ተናዛዥ አይታለች፤ እንዲህ ካቴና የሚለምን ግን አልገጠማትም።

ነገሩ የሆነው በ1999 ግንቦት ነው። የካዛንቺሱ ነጋዴ ሁዘይፋ መኪና ተከራይቶ፣ ራሱ እየነዳ፣ እናቱንና ታናሹን ኢብሮን አዋሽ ፓርክ ወሰዳቸው። አውሬ በቴሌቪዥን ብቻ ለሚያውቁት እናቱ ሳላውን፣ ከርከሮውን አሳያቸው። ከዚያ የወንዙ ገደል አፋፍ ላይ መኪናውን አቆመና ድካም ጥሎት ኋላ ወንበር ላይ ጋደም አለ። መኪናው እሱን እንደያዘ ተንሸራቶ ገደል ገባ።

«እንዴት ገደልከው?»

«ተጣላን። ጎማው ሥር የነበረውን ድንጋይ አንስቼ ገደል ወረወርኩት፤ በቃ!»

ልጁ ዓይኗን አያይም። ጀማነሽ ባምቢስ ወዳለው መኪና አከራይ ሄደች። አከራዩ ደጉ ላብ በላብ ሆነ።

«የእጅ ፍሬኗ... ማለቴ፣ ይዛ ይዛ ትለቃለች። ግን ነግሬዋለሁ! ቀይ የቀባሁትን ድንጋይ ኋላ ጭኜ፣ ስታቆም ጎማው ሥር አስደግፍ ብዬዋለሁ።»

ድንጋይ ከነመኪናው የሚያከራይ ጉድ!

እናትየው፣ እማማ ዙለይካ፣ ለቅሶ ቤት ፍራሽ ላይ ነበሩ። «ኢብሮ ወንድሙን አይገድልም፣ ልጄ! እሱ አዞ ሊያይ ራቅ ብሎ ነበር። እኔ ዙህር ልሰግድ ስል ነፋሱ መስገጃዬን እየገለበጠ አስቸገረኝ፤ ድንጋይ ጫንኩበትና ሰገድኩ። ስጨርስ መኪናው የለም።»

ማግስቱን ጀማነሽ ራሷ እየነዳች አዋሽ ወረደች። አፋፉ ሣርና አሸዋ ብቻ ነው። መኪናው ከቆመበት ሃያ እርምጃ ርቆ ቀዩ ድንጋይ ብቻውን ተቀምጧል። የእማማ ዙለይካ መስገጃ ትዝ አላት። ዝም ብትል ልጁ ይታሰራል፤ ብትናገር እናት ቆማ ትሞታለች።

ኢብሮንና ደጉን ይዛ ለቅሶ ቤት ገባች።

«ኢብሮ፣ ገደል ወረወርኩት ያልከውን ድንጋይ አፋፉ ላይ አገኘሁት። ስለዚህ ዋሽተሃል። አጥፊ ሊያመልጥ ይዋሻል፤ አንተ ግን ልትታሰር ነው የዋሸኸው። ሰው እየሸፈንክ ነው። ደጉን እንዳልል አታውቀውም። ፍሬኑ እንደሚለቅ እያወቀ ያከራየ እሱ ነው፤ በሕግ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ድንጋዩን ያነሳው ሰው ተንኮል አልነበረውም...»

ሳትጨርስ ዓይኗን ከእናትየው አሸሸች።

«ማነው ያነሳው?» አሉ እማማ ዙለይካ።

«እማ፣ ተይው!» ኢብሮ ጮኸ።

«ምን ዓይነት ድንጋይ ነው፣ ልጄ?»

«ቀይ የተቀባ፣ እማማ።»



«እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «መኪና መች አውቃለሁ? ጎማው ሥር አገኘሁት፤ መስገጃዬ ላይ ጫንኩት። ኢብሮ፣ አይተህ ነበር?»

«ስመለስ፣ ሰግደሽ ስትነሺ መስገጃሽ ላይ አየሁት። ለምን ትወቂ ብዬ ነው፣ እማ።»

«አንዱን ሳላውቅ ገደልኩ፤ አንተን እያወቅኩ ልቅበር?» ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አነቡ። ጀማነሽ ካቴናውን ፈታችለት።

ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ ልጄ። መኪናው ሲወድቅ ሁዘይፋዬ ነቅቶ ነበር?»

ሁዘይፋ የበሩን እጀታ በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር የተገኘው።

«እንደተኛ ነው፣ እማማ» አለች ጀማነሽ። «ምንም አላወቀም።»