ሀ ሲገለበጥ

«እስቲ እዪው ውኃ ልኬ፣ ቀጥ ብሏል?» አለ አባቷ መሰላሉ ላይ እንደቆመ።

አባቷ የሥዕል ፍሬም ሠሪ ነው። ጠማማ ነገር ከሩቅ ስለምትለይ ልጁን በሥራ መሣሪያው ስም ነው የሚጠራት። ዛሬ የጥርስ ክሊኒኩ እንግዳ መቀበያ ውስጥ ቆማ እውነተኛውን ውኃ ልክ ከፍሬሙ ላይ አሳረፈች። በመሣሪያው ውስጥ ያለችው አረፋ መሐል ላይ ረጋች።

«ቀጥ ብሏል» አለች።

ሥዕሉ የታተመ ቅጂ ነው፤ ብዙ ነገር የለበትም። ነጭ ወረቀት፣ ከላይ አንድ ትልቅ ጥቁር አራት ማዕዘን፣ ከሥሩ ደግሞ አንዲት ቀይ ክብ። ጉንጩ ያበጠ ሰውዬ ተራውን እየጠበቀ አንጋጦ አየውና «ኧረ ይቺ ቀይ ልትጨፈለቅ ነው!» አለ።

አባቷ ሳቀና ወደ ክሊኒኩ ሐኪም ዞረ። «ዶክተር፣ በዚህኛው እኔ እጄን አላስነካሁም። ከማዕዘኑ እስከ ማንጠልጠያው የእሷ ሥራ ነው። ሰኞ የመስታወት መቁረጫውን አስረክባታለሁ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ የለመነችው ነገር ነው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ሥዕሉን ባየች ቁጥር እንደ መቁነጥነጥ ያደርጋት ጀመር።

ሐኪሟም እጆቿን አጣምራ ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ስገዛው እኮ ዕረፍት ይሰጠኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አሁን ጭንቅ ጭንቅ አለኝ። ምርጫዬ ነው መሰለኝ የተበላሸው። የኔ ቆንጆ፣ ይቺን የመጣበትን ካርቶን እግረ መንገድሽን ጣይልኝ።»

ልጅቷ ረጅሙን ካርቶን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። የቆሻሻ በርሜሉን ከፍታ ልትከተው ስትል፣ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ሥዕል አየችና ቆመች። ጥቁሩ ከታች ተቀምጧል። ቀይዋ ክብ ከላይ ናት።

አባቷ ከእያንዳንዱ ሥዕል ጀርባ በእርሳስ አንድ ፊደል ይጽፋል፤ ፊደሉ የባለቤቱን ሥራ ይነግራል፣ ደግሞም የቱ ጫፍ ወደ ላይ እንደሆነ ያሳያል። እሷ ያየችው «በ» ነበር። የበሽተኞች መጠበቂያ ክፍል ስለሆነ ነው ብላ ሳትጠይቅ ላይኛው በመሰላት ጫፍ ማንጠልጠያውን ሰካች። ለካ «ሀ» ነበር! ሀኪም ለማለት። ሀ ሲገለበጥ በ ይመስላል።

የአማርኛ መምህሯ «ሐኪም በሐመሩ ሐ ነው» እያሉ ስንቴ ጠረጴዛ ደብድበዋል! አባቷ በትክክል ቢጽፈው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የእሱ ነው። የእሱ ነው እንጂ!

በርሜሉ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ካርቶኑን ብትጥለው ማን ያውቃል? ውኃ ልኩ ራሱ ቀጥ ነው ብሏል። ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። የካርቶኑ ጫፍ በላቧ ረጠበ። በመስኮቱ በኩል ሐኪሟ ወንበሯን ከሥዕሉ ስታርቅ አየቻት።

ስትገባ አባቷ መሰላሉን ሊያነሳ ጎንበስ ብሏል።

«አባዬ፣ መሰላሉን እንዳታጥፈው።»

«ምነው?»

«ገልብጬዋለሁ።» ካርቶኑን ወንበር ላይ አስቀመጠችለት። «ሀውን በ ብዬ ነው ያነበብኩት። ሳልጠይቅህ።»

አባቷ ካርቶኑን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ እሷን። ስለ ሰኞ አንድም ነገር አልተናገረም።

«በሐመሩ ሐ ብትጽፈው ኖሮ» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው። ፒንሳውን ከመሣሪያ ሳጥኑ አውጥታ የመሰላሉን የመጀመሪያ ደረጃ ረገጠች።